ከዲቪዲ ወደ ብሉሬይ፦ መቼ ያዋጣል?

ዲቪዲ እና ብሉሬይ ዲስክ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዐይን ለመለየት ያስቸግራሉ። ሁለቱም 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። የሚይዙት መጠን ግን አይቀራረብም። ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ሲይዝ አቻው ብሉሬይ 25 ይይዛል፤ ባለ ሁለት ንብርብሩ ደግሞ 50። ቤቱ ያለው ዲቪዲ ማጫወቻ ደህና እየሠራለት “ልቀይረው ወይስ ልተወው?” እያለ የሚያመነታ ሰው ጥያቄ ከዚህ ልዩነት ይነሳል። መልሱ ግን ዲስኩ ላይ ብቻ አይገኝም፤ ሶፋው ከቴሌቪዥኑ ምን ያህል እንደሚርቅም ማየት ያስፈልጋል።

የመጠኑን ልዩነት ያመጣው ብርሃን ነው። በሁለቱም ዲስኮች ፊልሙ የተጻፈው በዐይን በማይታዩ ጥቃቅን ጎድጓዶች ሲሆን ማጫወቻው ዲስኩን እያሽከረከረ በሌዘር ያነባቸዋል። የዲቪዲው ቀይ ሌዘር የሞገድ ርዝመት 650 ናኖሜትር ነው፤ ወደ ሐምራዊ የሚያደላው የብሉሬይ ሰማያዊ ሌዘር ደግሞ 405 ናኖሜትር። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ጨረሩ በጠበበ ቦታ ላይ ማነጣጠር ስለሚችል ጎድጓዶቹን ማሳነስ፣ መደዳዎቹንም ማቀራረብ ይቻላል። በዲቪዲ ላይ በመደዳና በመደዳ መካከል የነበረው 0.74 ማይክሮሜትር በብሉሬይ 0.32 ሆኗል። መረጃውን የያዘው ንብርብርም ወደ ገጹ ቀርቧል፤ በዲቪዲ 0.6 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ የነበረው በብሉሬይ 0.1 ሚሊ ሜትር ላይ ተቀመጠ። በዚህ ምክንያት መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጭረት ፊልሙን ታበላሻለች የሚል ስጋት ነበር። የጃፓኑ ቲዲኬ ኩባንያ ጭረት የሚቋቋም ጠንካራ ሽፋን ሠርቶ ስጋቱን ካቃለለው ወዲህ ብሉሬይ ዲስክ በእጅ ሲያዝ ከዲቪዲ የባሰ ስስ አይደለም።

ሰማያዊው ሌዘር ለቤት ዕቃ እስኪበቃ ግን ብዙ ተደክሞበታል። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ሴሚኮንዳክተር መሥራት ለአሥርተ ዓመታት ተመራማሪዎችን ያስቸገረ ሥራ ነበር። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖ እና ሹጂ ናካሙራ ጋሊየም ናይትራይድ ከሚባለው ቁስ ሰማያዊ አምፖል በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የብሉሬዩ ሌዘርም የተሠራው ከዚሁ ቁስ ነው።

ወደ ምስሉ እንምጣ። በአሜሪካና በጃፓን ደረጃ የሚሠራ ዲቪዲ አንዱን ምስል በ720 በ480 ነጥቦች፣ ማለትም በ345,600 ነጥቦች ይሥላል። ብሉሬይ በ1920 በ1080፣ ማለትም ከ2 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ነጥቦች ይሥለዋል፤ ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው። በአውሮፓ ደረጃ የሚሠራው ዲቪዲ 576 መስመር ስላለው ልዩነቱ ወደ አምስት እጥፍ ይወርዳል። አራት ኬ የሚባለው አዲሱ ብሉሬይ ደግሞ ነጥቦቹን 3840 በ2160 ያደርሳል።

ቁጥሩ አስደናቂ ቢሆንም ዐይን የሚያየው ሁሉንም አይደለም። ጤነኛ የሰው ዐይን ሁለት ነጥቦችን ለያይቶ የሚያየው በመካከላቸው ቢያንስ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ያህል ማዕዘን ሲኖር ነው። ይህ በሳሎን ቋንቋ ሲተረጎም ቀላል ስሌት ይወጣዋል። የዲቪዲ 480 መስመሮች ተዋህደው አንድ የሚመስሉት የስክሪኑን ቁመት 7 ጊዜ ያህል ርቀው ሲቀመጡ ነው፤ የብሉሬይ 1080 መስመሮች 3 ጊዜ ከትንሽ ርቀው ሲቀመጡ፤ የአራት ኬው ደግሞ አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ላይ።

ሜትር ይዞ መለካት ነው። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን የስክሪኑ ቁመት 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰባት ጊዜ ሲባዛ 2.80 ሜትር ይሆናል። ሶፋው ከዚያ ከራቀ ብሉሬይ የሚጨምረው ዝርዝር መንገድ ላይ ይቀራል፤ ተመልካቹ ጋ አይደርስም። እንዲህ ያለው ቤት ማጫወቻ መቀየር አያስፈልገውም፤ ገንዘቡ ካለ ይልቅ ቴሌቪዥኑን ማሳደግ ይሻላል። ባለ 55 ኢንች ስክሪን ግን ቁመቱ 68 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የዲቪዲ ጉድለት እስከ 4.80 ሜትር ድረስ ይታያል። በዚህ ስክሪን ፊት 2.5 ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው ዲቪዲ ሲያይ ፊት ድብዝዝ፣ ጽሑፍ ሸካራ የሚሆንበት ዐይኑ ደክሞ አይደለም። ብሉሬይ የሚገባው ለዚህ ቤት ነው።

ልዩነቱን በአንድ ትዕይንት ለማየት የዴቪድ ሊን “ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ” ይበቃል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ ሲሆን ከተለመደው 35 ሚሊ ሜትር በሚሰፋ 65 ሚሊ ሜትር ፊልም ተቀርጿል። ኦማር ሸሪፍ የሚጫወተው ሰው በግመል ከሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው በሙቀቱ የሚርገበገብ አድማስ ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ ሆኖ ነው። ነጥቧ ቀስ እያለች ታድጋለች፤ ሎውረንስና መሪው የውሃ ጉድጓድ ዳር ቆመው ያፈጣሉ፤ ተመልካቹም ከእነሱ ጋር። በዲቪዲ ያቺ ነጥብ ከጥቂት ፒክስል ስለማትበልጥ ከአሸዋው ነጸብራቅ ጋር ትደባለቃለች። በብሉሬይ ቀድማ ትለያለች፤ መጀመሪያ ጥላ፣ ቀጥሎ ግመልና ጋላቢ ሆና ትመጣለች። ትዕይንቱ የተሠራው ለዚህ መጠበቅ ነውና ጥራቱ ጌጥ ሳይሆን የታሪኩ አካል ነው። የፊልሙ 50ኛ ዓመት ሲከበር እ.ኤ.አ. በ2012 ዋናው ቅጂ በአራት ኬ ታድሶ በብሉሬይ ወጥቷል።

አሮጌ ፊልም በአዲስ ማጫወቻ ምን ይጠቅመዋል የሚሉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በሴሉሎይድ የተቀረጸ ፊልም ዲቪዲ ከሚያሳየው እጅግ የሚበልጥ ዝርዝር አለው። በተቃራኒው አንዳንድ የቅርብ ጊዜ ሥራዎች ገና ሲቀረጹ ጥራታቸው ዝቅ ያለ ነው። የዳኒ ቦይል “28 ዴይስ ሌተር” እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ቢሆንም በአብዛኛው የተቀረጸው በትንሽ ዲጂታል ቪዲዮ ካሜራ ነው፤ የትኛውም ማጫወቻ ካሜራው ያላየውን ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ ገዢው የፊልሙን ዕድሜ ትቶ አቀራረጹን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ቶሎ መግዛት ዋጋ ያስከፈለበት ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት የማይግባቡ ዲስኮች በወራት ልዩነት ገበያ ገቡ። ቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲ የተባለውን ይዞ በሚያዝያ በ499 ዶላር ቀደመ። በሰኔ ወር ሳምሰንግ በአሜሪካ የመጀመሪያውን ብሉሬይ ማጫወቻ በ1,000 ዶላር ገደማ አወጣ። ፊልም ሠሪ ኩባንያዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱን ማጫወቻ የገዛ ሰው የሌላውን ወገን ፊልም ማየት አይችልም ነበር። ሚዛኑን ካዘነበሉት አንዱ የጨዋታ መሣሪያ ነው። ሶኒ በዚያው ዓመት ኅዳር በፕሌይስቴሽን 3 ውስጥ ብሉሬይ ማንበቢያ ስለጨመረ፣ ጨዋታ የገዛው ወጣት ሁሉ ሳያስበው የፊልም ማጫወቻ ባለቤት ሆነ። ቶሺባ ዋጋውን እያወረደ በ2007 መጨረሻ ከ100 ዶላር በታች እስከ መሸጥ ቢደርስም አልጠቀመውም። ጥር 4 ቀን 2008 ዋርነር ብራዘርስ ወደ ብሉሬይ ማዘንበሉን አስታወቀ፤ ዎልማርትም ተከተለ፤ የካቲት 19 ቶሺባ እጅ ሰጠ። ኤችዲ ዲቪዲ የገዙ ቤተሰቦች አዲስ ፊልም የማይወጣለት ማጫወቻ ታቅፈው ቀሩ። ዛሬ እንዲህ ያለ ፍልሚያ የለም፤ የሚገዛው ሰው ከዚህ ስጋት ነፃ ነው።

የተሰበሰበው ዲቪዲስ? አይጣልም። ብሉሬይ ማጫወቻ ዲቪዲ ያነባል፤ መስመሮቹንም ከትልቁ ስክሪን ጋር እንዲመጣጠኑ አብዝቶ ያወጣቸዋል። ይህ ዲስኩ ላይ የሌለ ዝርዝር አይፈጥርም፣ ግን ጠርዞቹን ያለዝባል። ይህን ለማግኘት የኤችዲኤምአይ ገመድ ያስፈልጋል። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያላቸው የድሮ ገመዶች ከፍተኛ ጥራት ያለውን ምስል አያሳልፉም፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 በኋላ የተሠሩ ብሉሬይ ማጫወቻዎች ደግሞ ለቢጫው መሰኪያ እንኳ የላቸውም። ኤችዲኤምአይ የሌለው አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ይህን ሳያረጋግጥ ገንዘብ ማውጣት የለበትም።

ብዙ ሻጮች አራት ኬን በነጥቦቹ ብዛት ያስተዋውቁታል። በስሌቱ መሠረት ግን በ55 ኢንች ስክሪን ላይ ከ2.20 ሜትር በላይ ርቆ ለተቀመጠ ሰው እነዚያ ተጨማሪ ነጥቦች አይታዩም። የአራት ኬ ብሉሬይ እውነተኛ ብልጫ ቀለሙና ብርሃኑ ላይ ነው። የቀድሞው ብሉሬይ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃዎች ሲኖሩት አዲሱ 1,024 አለው። የምሽት ሰማይ ላይ ቀለበት ቀለበት እየሠራ የሚታየው መከፋፈል የሚጠፋው፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ ያለ የሻማ ብርሃንም ነጭ ድፍን መሆኑ ቀርቶ ነበልባል የሚሆነው በዚህ ነው። ይህ ከየትኛውም ርቀት ይታያል። ቴሌቪዥኑ ግን ኤችዲአር የሚባለውን ይህን የብርሃንና የቀለም ስፋት በእርግጥ የሚችል፣ በቂ ብርሃንም ያለው መሆን አለበት፤ በደካማ ስክሪን ላይ ምስሉ ከመድመቅ ይልቅ ሊጨልም ይችላል።

ኢንተርኔት እያለ ዲስክ ለምን? ኔትፍሊክስ ለ1080 ጥራት 5 ሜጋቢት በሰከንድ መስመር ይበቃል ይላል፤ ብሉሬይ ለምስሉ ብቻ እስከ 40 ያወጣል። ልዩነቱ ጭስ፣ ዝናብ ወይም ውሃ ሲታይ ይጎላል፤ በኢንተርኔት የመጣው ምስል በዚያ ጊዜ ይፈረካከሳል። ድምፁም እንዲሁ ነው፤ ዲስኩ ስቱዲዮው ያዘጋጀውን ምንም ሳይቀንስ ያቀርባል። የባለቤትነት ጉዳይም አለ። በታኅሣሥ 2023 ሶኒ የፕሌይስቴሽን ደንበኞች ከፍለው የገዟቸው የዲስከቨሪ ፕሮግራሞች ከቤተ መጻሕፍታቸው ሊወገዱ እንደሆነ አስታውቆ ነበር። ውሳኔው በወሩ ውስጥ ቢቀለበስም፣ በኢንተርኔት የተገዛ ነገር በፈቃድ ውል ላይ የቆመ መሆኑን ሰዎች በግልጽ አዩ። መደርደሪያ ላይ ያለ ዲስክ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይደርሰውም።

ከውጭ ዘመድ የሚልክለት ወይም ከጉዞ የሚያመጣ ኢትዮጵያዊ ከሁሉ በፊት የክልል ኮድን ማወቅ አለበት። በብሉሬይ አሜሪካ ክልል ኤ ሲሆን አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ክልል ቢ ናቸው። ዋሽንግተን የተገዛ ዲስክ ከዱባይ በመጣ ማጫወቻ ላይ ላይከፈት ይችላል። በዲቪዲም አሜሪካ 1፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ ኢትዮጵያ 5 ነው። የአራት ኬ ዲስኮች ግን የክልል ኮድ የላቸውም፤ ለተበታተነ ቤተሰብ ይህ ብቻውን ዋጋ አለው።

አብዛኛው የሚያየው የአማርኛ ፊልም ለሆነ ቤት ፍርዱ ሌላ ነው። በቪሲዲ የተሸጡት ሥራዎች 288 መስመር ብቻ አላቸው፤ አንዳንድ ብሉሬይ ማጫወቻዎች ቪሲዲ ጨርሶ አያነቡም። በፍላሽ አስጭኖ የሚያይ ሰው ደግሞ ቴሌቪዥኑ ራሱ ይበቃዋል፤ በሕገወጥ መንገድ የተቀዱ ፊልሞች ጥቂት ከሄዱ በኋላ ድምፃቸውን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም በብሉሬይ ማጫወቻዎች ውስጥ አለ። ከፍ ያለውን ጥራት የሚፈልጉ የአገር ሰዎች ሥራዎች ግን አሉ። የኃይሌ ገሪማ “ሳንኮፋ” በአራት ኬ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ቀርቧል። የጄሲካ በሽር “ፋያ ዳዪ” ደግሞ በአሜሪካው ክራይቴሪየን ኩባንያ በብሉሬይ ወጥቷል። በሐረር ዙሪያ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ ጭስና ጥላ የሞላበት ሥራ ስለሆነ በተጨመቀ ቅጂ ማየት ግማሹን እንደማጣት ይቆጠራል።

ለመቀየር የወሰነ ሰው ገበያው እየጠበበ መሆኑን ይወቅ። ማጫወቻ አምራቹ ኦፖ ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራውን አቆመ፤ ሳምሰንግ በ2019 ለአሜሪካ አዲስ ማጫወቻ እንደማያመርት አሳወቀ፤ ዲስክ በፖስታ ያከራይ የነበረው ኔትፍሊክስም መስከረም 29 ቀን 2023 የመጨረሻውን ዲስክ በፖስታ ላከ። በዚያው ዓመት ኅዳር ግን የ“ኦፐንሃይመር” ፊልም አራት ኬ ዲስክ ከሱቅ መደርደሪያ አልቆ ገዢዎች እንደገና እስኪቀርብ ጠብቀዋል። አሁን ከሶኒና ከፓናሶኒክ ማጫወቻዎች ሌላ ዲስክ ማስገቢያ ያላቸው የጨዋታ መሣሪያዎች፣ ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ አራት ኬ ያነባሉ፤ ፕሌይስቴሽን 4 ግን፣ ፕሮ የተባለውም ጭምር፣ ከተራው ብሉሬይ አያልፍም። አገልግሎት ላይ የዋለ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ ይዞ ይሂድ፤ ፊልሙን ከመጀመሪያው ብቻ ሳይሆን መሃሉና መጨረሻው ላይም እየዘለለ ይሞክረው፤ ሻጩም ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ ሶፍትዌሩን እንዲያድስለት ይጠይቅ።