ሒሳብ በዮሩባ

በናይጄሪያ ከ500 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ከብዛታቸው ይልቅ የሚያስደንቀው ዝምድናቸው መራራቁ ነው። በሰሜኑ የሚነገረው ሃውሳ እንደ አማርኛችን የአፍሮ-እስያ ቤተሰብ አባል ነው። ደቡቦቹ ዮሩባና ኢግቦ ከኒጀር-ኮንጎ ይመደባሉ። በቻድ ሐይቅ አቅራቢያ፣ በቦርኖ የሚነገረው ካኑሪ ደግሞ የናይሎ-ሰሃራ ወገን ነው። በየከተማው ብዙዎችን የሚያግባባቸው ፒጂን ሲሆን ቢሮውንና ትምህርት ቤቱን የያዘው እንግሊዝኛ ነው።

ታዲያ ልጅ በየትኛው ቋንቋ ይማር? እ.ኤ.አ. በ1970 በኢሌ-ኢፌ ከተማ፣ በፕሮፌሰር ባብስ ፋፉንዋ የተመራ ቡድን ጥያቄውን በሙከራ ለመመለስ ተነሣ። የተወሰኑ ተማሪዎች ስድስቱንም የአንደኛ ደረጃ ዓመታት በዮሩባ ተማሩ፤ እንግሊዝኛን የወሰዱት እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነበር። ሌሎቹ እንደተለመደው ሦስት ዓመት በዮሩባ ተምረው ከአራተኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ተሻገሩ።

አድካሚው ሥራ መጽሐፍ ማዘጋጀቱ ነበር። ለሒሳብና ለሳይንስ የዮሩባ ስያሜ መፈለግ፣ መምህራንንም ማሠልጠን ያስፈልግ ነበር። ጽሕፈቱም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በዮሩባ የድምፅ ከፍታ ትርጉም ይለውጣልና። «ኦኮ» እንደ አነጋገሩ ባል፣ መኮትኮቻ፣ ጀልባ ወይም ጦር ሊሆን ይችላል፤ በጽሑፍ የሚለየው ከፊደሉ ላይ በሚቀመጥ ምልክት ነው።

የብዙዎች ስጋት በዮሩባ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ወደ ኋላ ይቀራሉ የሚል ነበር። ሲመዘኑ ግን በሒሳብና በሳይንስ ብቻ ሳይሆን በእንግሊዝኛም በልጠው ተገኙ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ማካፈልን የሚማር ልጅ በዚያው ሰዓት ከማያውቀው ቋንቋ ጋር እንዲታገል አልተገደደም።

እርግጥ ዮሩባ በሚሊዮኖች የሚነገር፣ ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር ገና በ1843 መዝገበ ቃላት ያሳተሙለት ቋንቋ ነው። በጆስ ዙሪያ ባሉት ደጋዎች ግን ጥቂት ሺህ ተናጋሪ ብቻ ያላቸው ቋንቋዎች ተጎራብተው ይኖራሉ። የሌጎስ ክፍል ውስጥም የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ መፍትሔውም ከቦታ ቦታ መለያየቱ አይቀርም።

መንግሥት በ2022 የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ፤ በ2025 ውሳኔውን ሻረው። የትምህርት ሚኒስትሩ ያቀረቡት ምክንያት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር በተዘወተረባቸው አካባቢዎች የፈተና ውጤት ወድቋል የሚል ነው። እኔ ግን ውጤቱን ከማየቴ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው፦ በእነዚያ ክፍሎች በቋንቋው የተጻፈ የሒሳብ መጽሐፍ ነበር? በቋንቋው ለማስተማር የሠለጠነ መምህርስ? በኢሌ-ኢፌው ሙከራ ሁለቱም ነበሩ።