አሸዋው ከየት መጣ?

ቱቫሉ በሃዋይና በአውስትራሊያ መካከል በፓስፊክ ላይ የተበተኑ የዘጠኝ ደሴቶች አገር ናት። ስሟ «ስምንት አብረው የቆሙ» ማለት ነው፤ ድሮ ሰው የሚኖርባቸው ስምንቱ ብቻ ነበሩና። የብሱ ሁሉ ቢደመር 26 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው 5 ሜትር የማይሞላ። ተራራ የለም፣ ወንዝ የለም። ለመግቢያ ይበቃል።

እኔን የሚደንቀኝ አሸዋዋ ነው። እኛ ደገኞች አሸዋ ሲባል ወንዝ ከተራራ ሸርሽሮ ያወረደው ይመስለናል። ተራራም ወንዝም ከሌለ ከየት መጣ? ኖሮ ከሞተ ነገር ነው። አንዱ የኮራል ስብርባሪ ነው። ሌላው ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ቅርፊት ነው፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥ፣ አንዳንዱ እሾኻም ኮከብ ይመስላል። ሲሞቱ ማዕበሉ ጠርጎ ወደ ዳር ያመጣቸዋል። አገሩ የተከመረው እንዲህ እፍኝ በእፍኝ ነው።

አንድ ጊዜ አፋር፣ ከጨው ሜዳው ዳር፣ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ድንጋይ አነሳሁ። «ምን ያደርግልሃል? ድንጋይ እኮ ነው» አለኝ መንገድ መሪዬ። ቀይ ባሕር እዚያ ድረስ ይገባ በነበረ ዘመን የኖረ ኮራል ነበር። ድንጋይስ ድንጋይ ነው፤ ግን ኖሮ ያውቃል።

እንደ ቱቫሉ ያሉ የኮራል ደሴቶች እንዴት እንደተሠሩ ሲያስረዳ ዳርዊን፣ እሳተ ገሞራ ቀስ እያለ ሲሰምጥ ኮራሉ በላዩ ወደ ብርሃን ያድጋል ብሎ ነበር። ይህን ሊፈትኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1898 የቱቫሉ ዋና ከተማ ባለችበት በፉናፉቲ ጉድጓድ ቆፈሩ። ወደ 340 ሜትር ወርደውም ከኮራል ሥራ አልወጡም፤ የእሳተ ገሞራው ዓለት አልተገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1972 ቤቤ የተባለው አውሎ ነፋስ ፉናፉቲን አወደመ። ያው ማዕበል ግን ወደ 19 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የኮራል ስብርባሪ ግንብ ከባሕር አውጥቶ ዳር ላይ ከመረ። አፍራሹም ገንቢውም አንድ ነው።

እናም «እየሰጠመች ያለች ደሴት» እያላችሁ ርዕስ የምታወጡ ጋዜጠኞች፣ እባካችሁ ቆም በሉ። ከአየርና ከሳተላይት በተነሱ ፎቶዎች የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 2014 የብሱ 2.9 በመቶ እንደሰፋ አሳይቷል። ይህ ማለት ስጋት የለም ማለት አይደለም። የባሕሩ ጠለል እየጨመረ ነው፤ ችግሩ ግን የሚመጣው እናንተ በምታዩበት በር አይደለም። ከአሸዋና ከስብርባሪ የተሠራ አገር ወለሉ ወንፊት ነው። ባሕሩ በጣም በሚሞላበት ቀን ውሃው በዳር ብቻ ሳይሆን ከመሬቱ ሥር ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ የጎደሬ ዘመድ የሆነውን ፑላካ የሚተክሉበት ጉድጓድም ጨው ይገባዋል። ለዚህ ደግሞ በዳር የሚታጠር ግንብ አይበጀውም።