የለቀማ ዓመትና የወይን ጠጅ ጣዕም፦ ከቦርዶ እስከ ዝዋይ

በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ የሚታተመው ዓመት ፍሬው የተለቀመበትን ጊዜ ያመለክታል። ጠጁ የታሸገው ወይም ለገበያ የቀረበው ከዚያ በኋላ፣ አንዳንዴም ብዙ ዓመታት ቆይቶ ሊሆን ይችላል። በአውሮፓ ወይን በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚለቀም የዚያ ዓመት ውርጭ፣ ዝናብና ፀሐይ በሙሉ በአንድ ምርት ላይ ያርፋል። የአንዱ እርሻ ጠጅ ከዓመት ዓመት የሚለያየው፣ ቀማሾችም የተለያዩ ዓመታት ጠርሙሶችን ጎን ለጎን አሰልፈው የሚያወዳድሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ለኢትዮጵያውያን የዚህ ዕውቀት ቅርብ መግቢያ ስምጥ ሸለቆ ነው። ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው መቂን አልፎ ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ ይደርሳል። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እዚህ የወይን እርሻ ጀምሮ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አቅርቧል። እርሻው ከጉማሬ፣ ከዘንዶና ከጅብ እንዲጠበቅ ዙሪያው በቦይ ታጥሯል። የተተከሉት መርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሲራና ሻርዶኔ ሁሉም የፈረንሳይ ዝርያዎች ናቸው። ጠጆቹ የሚሸጡት ሪፍት ቫሊና አካሺያ በሚሉ ስሞች ነው። ከዚህ እርሻ በፊትም በአርሲ መርቲ የሚለቀመው ወይን ጉደርን፣ አክሱማይትንና ከሚላን ለሚያመርተው ለአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ሲቀርብ ኖሯል።

መርሎና ካበርኔ ሶቪኞን ስማቸው የገነነው በምዕራብ ፈረንሳይ በቦርዶ ነው። ቦርዶ በ45ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ይገኛል። በክረምቱ ብርድ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ ያንቀላፋል፤ በመጋቢት ያቆጠቁጣል፤ በግንቦትና በሰኔ ያብባል፤ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ይለቀማል። በእያንዳንዱ ደረጃ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የሚያዝያ ውርጭ የብዙ እርሻዎችን ቡቃያ አቃጥሏል። በ2013 ጸደዩ ቀዝቃዛና ዝናባማ ስለነበር አበባው በደንብ ፍሬ ሳይዝ ቀርቶ ምርቱ አነሰ። በ2003 ደግሞ ከባድ የበጋ ሙቀት ፍሬውን ያለ ወትሮው ቀድሞ አበሰለው። መርሎ ከካበርኔ ቀድሞ ስለሚደርስ፣ በመስከረም አጋማሽ የሚጥል ዝናብ መርሎውን ሳይነካ ካበርኔውን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ እንኳ የሁሉም ጠጅ ዕጣ አንድ አይደለም።

ባቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ እዚህ የለም። የሚያነቃውና የሚያስቆጠቁጠው ግረዛ ነው፤ ገበሬው በሚገርዝበት ጊዜ የሚለቅምበትን ወራት ይወስናል። በዓመት ሁለት ጊዜ መልቀምም ይቻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚደርሰው ፍሬ በደረቅ ፀሐይ ይበስላል፤ በክረምቱ ዋዜማ የሚደርሰው ግን ዝናብ ያሰጋዋል። ዝናብ የበሰለ ፍሬን ያቀጥናል፤ ሻጋታም ያመጣበታል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ የጠጁን ጠባይ ከዓመቱ ይልቅ የለቀማው ወር ይነግራል።

የማወዳደር ሥራ ቀላል ሥርዓት አለው። ከአንድ አምራችና ከአንድ ዝርያ፣ ለምሳሌ ከካበርኔ፣ የተለያዩ ዓመታት ሁለት ወይም ሦስት ጠርሙሶች ይመረጣሉ። ብርጭቆዎቹ አንድ ዓይነት መሆንና እስከ ሲሶ ብቻ መቀዳት አለባቸው። መጀመሪያ ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ፊት ዘንበል አድርጎ ጠርዙን ማየት ይገባል። ወጣት ቀይ ጠጅ ጠርዙ ሐምራዊ ነው፤ ሲያረጅ ወደ ጡብ መልክ ይሄዳል። ነጭ ጠጅ በተቃራኒው እየቆየ ሲሄድ ወደ ወርቅማ ቀለም ይጠቁራል።

ቀጥሎ ማሽተት ነው፤ መጀመሪያ ሳያነቃንቁ፣ ከዚያም ብርጭቆውን አዙሮ። ባልበሰለ ካበርኔ ውስጥ የቃሪያ ሽታ ጎልቶ ይወጣል፤ ይህ የቀዝቃዛ ዓመት ምልክት ነው፤ ፀሐይ በበዛበት ዓመት ይጠፋል። ሲራ ብዙ ጊዜ የቁንዶ በርበሬ ሽታ አለው። በወጣት ጠጅ የትኩስ ፍሬ ሽታ ይበረታል፤ በቆየው ደግሞ የደረቀ ፍሬ፣ የቆዳና የትምባሆ ሽታ ይተካል።

ሲቀመስ ሦስት ነገሮች ይለካሉ። ምራቅ የሚያመጣው ኮምጣጣነቱ ነው፤ በቀዝቃዛ ዓመት ይበረታል፣ በሞቃት ዓመት ይቀንሳል። ያለ ስኳር እንደተጠጣ ወፍራም ሻይ ድድን የሚያደርቀው ታኒን ነው፤ ከፍሬው ልጣጭና ዘር ይወጣል፣ በዓመታት ብዛት ይለሰልሳል። ጉሮሮን የሚያሞቀው አልኮሉ ነው፤ ብዙ ስኳር የያዘ የበሰለ ፍሬ አልኮሉን ከፍ ያደርገዋል። ሦስቱ ተመዛዝነው ጣዕሙ ከተዋጠ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ከቆየ ጠጁ ጥሩ ነው። ብዙ ዓይነት የሚቀምሱ ባለሙያዎች ቀምሰው ይተፉታል፤ ያለዚያ ሦስተኛውን ብርጭቆ በትክክል መዳኘት አይቻልም።

ጠርሙሶቹን በወረቀት ጠቅልሎ መቅመስ ዳኝነቱን ከስም ተጽዕኖ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓሪስ የፈረንሳይ ዳኞች ስሙን ሳያዩ ቀምሰው በቀዩም በነጩም ለካሊፎርኒያ ጠጆች አንደኛ ደረጃ ሰጥተዋል። የዝዋይን ሻርዶኔ ከፈረንሳዩ ጋር ለማወዳደር የሚሻም በዚሁ መንገድ ቢሄድ ይበጀዋል።

በአዳማ ሙቀት አንድ ጥንቃቄ የግድ ነው። ወይን ጠጅ በደህና የሚቆየው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ በሆነ ጨለማ ቦታ ነው። ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ለወራት የቆመ የአውሮፓ ጠርሙስ ዓመቱ የቱንም ያህል ቢመሰገን የተቀቀለ ፍሬ ይሸታል። ቀይ ጠጅም ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ስለሚቀርብ በቆላ ከተሞች ከመቀዳቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

ጠርሙስ ላይ ያለው ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንም መዘንጋት አይገባም፤ በደቡብ አፍሪካ ጠጆች ላይ ደግሞ ለቀማው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ስለሚካሄድ፣ ተመሳሳይ ዓመት የያዘው የፈረንሳይ ጠጅ በግማሽ ዓመት ያህል በዕድሜ ያንሳል።

የስምጥ ሸለቆ አምራቾች ከዓመቱ ጎን የለቀማውን ወር ቢያትሙ ለጠጪውም ለእርሻውም ይጠቅማል። ገዢው የደረቁን ወራት ምርት ከዝናቡ ዋዜማ ምርት ለይቶ ማወቅ ይችላል፤ የዝዋይና የመርቲ ጠጅም በራሱ አየርና ወቅት መለኪያ ይዳኛል።