የጋይንት ቤተ ልሔም ተሳላሚ

ቤተ ልሔም የተባለ እንደ ሆነ ጌታችን የተወለደባት የይሁዳ ከተማ ለሁሉ ትዝ ትላለች። በበጌምድር ግን በዚያው ስም የምትጠራ ሌላ ስፍራ አለች፤ እርስዋም ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ፥ ከጉና ተራራ ማዶ፥ በጋይንት አገር የምትገኘው የድጓ ምስክር ደብር ናት።

ወደዚህች ደብር የሚመጣው ተሳላሚ ጠበልና እምነት ብቻ ፈልጎ አይመጣም። ብዙውን ጊዜ በሌላ አገር ጉባኤ ከአንድ መምህር እግር ሥር ለብዙ ዓመት ተቀምጦ፥ ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ፥ ምልክቱንም ከመምህሩ ጋራ አቃንቶ የፈጸመ ሰው ነው። ነገር ግን ቤተ ልሔም ደርሶ ካላስመሰከረ ትምህርቱ በሊቃውንቱ ዘንድ ሙሉ ሆኖ አይታይም።

ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን በአክሱም የደረሰው ዜማ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ የተመደበ ነው። የዜማውን ምልክት ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት እንደ ሠሩት ይነገራል። ይህም ጊዜ የግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትንና መጻሕፍትን ያጠፋበትና ከዚያም ቀጥሎ ያለው ዘመን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ድምፁ በብራና ላይ እንዲሰፍር ያስገደደው የመጥፋቱ ፍርሃት ይመስላል።

ከደብረ ታቦር የተነሣ መንገደኛ በክምር ድንጋይ በኩል አልፎ የጉናን ብርድ ይቀምሳል፤ ጉና ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ነውና። (ደብረ ታቦርም ራስዋ በዚህ ነገር ባዕድ አይደለችም። አለቃ ገብረ ሐና እንዳወጡት የሚነገረውና በልጃቸው በአለቃ ተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም የሚመሰከረው በዚያው በደብረ ታቦር ኢየሱስ ነው።) ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በነፋስ መውጫ በኩል ወልድያ የሚደርስ የመኪና መንገድ አለ፤ ገንዘብ የሌለው ተማሪ ግን በእግሩ ይሄዳል። በመሸበትም ደጅ ቆሞ በእመቤታችን ስም ይለምናል፤ ባላገሩም ካለው ያካፍለዋል።

ደብሩ ከሩቅ በታየው ጊዜ ጫማ ያለው ጫማውን ያወልቃል፤ ሦስት ጊዜ ሰግዶ ደጀ ሰላሙን ይሳለማል። ከዚያም እንባው ይመጣል። ይህ ልቅሶ የኀዘን ብቻ አይደለም። በልጅነቱ ከእናቱ ቤት ተሰውሮ የወጣ፥ እናቱ ትኑር ትሙት ያላወቀ፥ በየመንደሩ ውሻ የነከሰው፥ የጉባኤ ባልንጀራውን በበሽታ የቀበረ ሰው ሊሆን ይችላል። ከቅኔ ማሕሌቱ የሚሰማው ዜማ መምህሩ በሩቅ አገር በጎጆ ውስጥ ያስተማሩት ያው ዜማ ሆኖ ባገኘው ጊዜ፥ ዕድሜውን የሰጠበት ነገር እውነተኛ እንደ ሆነ ያውቃል። ደግሞም ይፈራል፤ በአንዲት ምልክት ስቶ እንደ ሆነ ያች ስሕተት በደቀ መዛሙርቱ አፍ ለስንት ትውልድ እንደምትወርድ አይታወቅምና።

በ1948 ዓ.ም. ቶማስ ፓከናም የሚባል፥ ትምህርቱን በኦክስፎርድ የፈጸመ ወጣት ከብሪታንያ መጥቶ ወደዚህች ደብር ደርሶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ ሲመለከቱት እንደ አገሩ ልማድ ክብና በሣር የተከደነ ነው፤ ውስጡን ባየ ጊዜ ግን በክቡ ጣራ ሥር አራት ማዕዘን የሆነ የመካከለኛው ዘመን ሕንጻ ተሰውሮ ቆሞ ተመለከተ። በ1959 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍም ነገሩን ለዓለም አስታወቀ። የውጭ ጸሐፊዎች «አገኘው» ይላሉ። ቃሉ በልክ ቢነገር ይሻላል፤ ካህናቱ የሚቀድሱበትን ቤት ማንም አጥቶት አያውቅም ነበር።

ያን ሕንጻ መጠበቅ የሚገባ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ተሳላሚውን የሚያስለቅሰው ግድግዳው ብቻ አይደለም። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ፥ አብያተ ክርስቲያናት ከመሬታቸው ያገኙት የነበረው ገቢ ቀረ። ጭሰኛው ከዚህ አዋጅ ያገኘውን ጥቅም መካድ አይገባም፤ ይሁን እንጂ የአብነት ጉባኤዎች ኑሮ በአብዛኛው በምእመናን ምጽዋት ላይ ወደቀ። ድጓው ታትሟል፤ የሊቃውንቱም ድምፅ በመቅረጫ ተይዞ ይገኛል ይባል ይሆናል። መጽሐፍ ግን ተማሪውን «ተመለስ፥ ይህን ስተሃል» አይለውም። ይህን የሚለው መምህር ነው፤ መምህር ደግሞ እህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቅርስ ጠባቂ የሆነ ሹም የመቅደሱን ክዳን ሊያሳድስ በሄደ ጊዜ፥ በዙሪያው ያሉትን የተማሪ ጎጆዎች አብሮ ቢቈጥር፥ ስንቶቹም ክረምቱን እንደሚያሳልፉ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ተሳላሚው ይህ ሁሉ እስኪደላደል አይጠብቅም። እንባውን ጠርጎ፥ ቀድመውት ከመጡት ተማሪዎች ዘንድ ማደሪያ ይለምናል። በማግሥቱም የጻፈውን ድጓ ታቅፎ ከመምህሩ ፊት ይቀርብና መጽሐፉን ከመስከረም ዮሐንስ ይገልጠዋል።