ባዶው የአበባ ማስቀመጫ ሥራ ይፈልጋል

እስቲ መጽሔቱን ለአፍታ ያስቀምጡና ቡፌዎን ይክፈቱ። የታችኛውን በር። ከሠርግ ሲኒዎቹ ጀርባ፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከሚወጡት ሳህኖች አጠገብ ስንት ባዶ የአበባ ማስቀመጫ አገኙ? እኔ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ ስድስት አገኘሁ።

ሁለቱ የሠርግ ስጦታዎች ናቸው፤ ከካርቶናቸው እንኳ አልወጡም። አንዱ በመሥሪያ ቤታችን የዓመት መጨረሻ ዝግጅት ላይ በዕጣ የደረሰኝ ነው። አንዱን አዲሱ ቤታችን ስንገባ ጓደኞቻችን ይዘውልን መጡ። አንዱ ከየት እንደመጣ እኔም ባለቤቴም አናውቅም። ስድስተኛው ግን የእናቴ ነው።

የእናቴ ማስቀመጫ ወፍራም ሰማያዊ ብርጭቆ ነው። ልጅ ሳለሁ ሳሎናችን መሀል፣ እናቴ በእጇ በሠራችው ዳንቴል ላይ ይቀመጥ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ይይዛል። መስከረም ሲጠባ ግን አባቴ ፕላስቲኩን ያነሳና አደይ አበባ ይሞላበታል። አባቴ ያረፈ ዕለት ጎረቤቶች ለለቀስተኛ ቦታ ለማስፋት የሳሎኑን ጌጥ ሁሉ አነሱት። ከጊዜ በኋላ ዳንቴሉ ተመለሰ፣ ሥዕሉ ተሰቀለ፣ ማስቀመጫው ግን ባዶውን ቀረ። ለዘጠኝ ዓመት። እኛ ኮንዶሚኒየም ደርሶን ስንገባ እናቴ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። “ባዶውን ማየት ሰለቸኝ፤ አንቺ የሆነ ነገር አድርጊበት” አለችኝ። እኔም ቡፌ ውስጥ ከተትኩት። ይኸው ሦስት ዓመቱ።

በዚያ ቅዳሜ ስድስቱንም ምንጣፍ ላይ ደረደርኩና ለእያንዳንዳቸው ሥራ ለመስጠት ወሰንኩ። የሆነልኝንም ያልሆነልኝንም ላካፍልዎ።

ለምን ባዶ ይቀራሉ?

አገራችን በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት። ከሆለታ እስከ ዝዋይ ባሉ እርሻዎች የሚበቅለው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ በብዛት ወደ ኔዘርላንድስ ይሄዳል። በየሳሎናችን ግን አበባ ገዝቶ በየሳምንቱ ማስቀመጥ ብዙም የተለመደ አይደለም። የእኛ ቤት በዓል ሲሆን ወለሉ ላይ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ አበባ የምንገዛው ለሠርግ፣ ለምረቃ ወይም ሕመምተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ ነው። በሌላ በኩል ማስቀመጫ ለስጦታ ሰጪ በጣም ምቹ ዕቃ ነው። እንደ ልብስ ቁጥር አይጠየቅም፣ ሲታይ ያምራል፣ ዋጋውም እንደ አቅም ነው። ስለዚህ ማስቀመጫው ይመጣል፣ አበባው አይመጣም።

ሙያዬ ገበያ ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ በዓይን ትይዩ የተቀመጠ ዕቃ ይሸጣል፤ ከታች ተጎንብሰው የሚፈልጉት ይረሳል። ቤትም እንዲሁ ነው። ቡፌ ውስጥ የገባ ዕቃ የለም ማለት ነው። የመጀመሪያው ሥራ እንግዲህ ማውጣት ነው።

መጀመሪያ ይጠቡ፣ ከዚያ ይለዩ

በውስጡ ነጭ የውሃ ዝቃጭ የደረቀበት ብርጭቆ ካለዎት አቼቶና ለብ ያለ ውሃ ሞልተው ያሳድሩት። አንገቱ ጠቦ እጅ የማያስገባ ከሆነ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ውሃ ጨምረው ይነቅንቁት፤ ሩዙ እንደ ብሩሽ ይፈትገዋል። የተለጠፈ የዋጋ ወረቀት አልነሳ ካለ የምግብ ዘይት ቀብተው ጥቂት ይጠብቁ። ከንፈሩን በጣትዎ ዳስሰው የተሸረፈ ወይም የተሰነጠቀ ካገኙ ልጅ ካለበት ቤት ያስወጡት።

ከታጠቡ በኋላ በአራት ይለዩዋቸው፦ አፈ ሰፊ፣ አንገተ ጠባብ፣ መሬት ላይ የሚቆም ረጅም እና ውስጡ የማይታይ። ሥራቸውን የሚወስነው ቅርጻቸው ነው።

ወጥ ቤት፦ ማማሰያና ጭልፋ

አፈ ሰፊና ከታች ከበድ ያለው ማስቀመጫ ቦታው ወጥ ቤት ነው። ማማሰያው፣ ጭልፋው፣ የእንጨት ማንኪያው በመሳቢያ ውስጥ ከሚተራመስ እዚያ ይቁም። የዕቃዎቹ ቁመት ከማስቀመጫው ቁመት ከእጥፍ አይብለጥ፤ ያለበለዚያ አንዱን ሲያነሱ ሁሉም ይገለበጣል። የታጠበ እንጨት ሳይደርቅ አይክተቱበት፣ ይሻግታልና። ከታች የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ቢያደርጉ እርጥበቱን ይመጥጣል። ከምድጃው ጠርዝም አንድ ክንድ ያህል ይራቅ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ማስቀመጫ የምግብ ዕቃ ሆኖ አልተሠራም። የቆየ ክሪስታል እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ቀለም የተቀባውም ቀለሙ ለምግብ ተብሎ የተመረጠ አይደለም። ስለዚህ በርበሬ፣ ስኳር ወይም ጭማቂ አያስቀምጡበት።

መግቢያው በር፦ የክረምት ጃንጥላ

መሬት ላይ የሚቆመው ረጅሙ ማስቀመጫ በአነስተኛ ሳሎን ውስጥ ቦታ ከመያዝ ውጪ ሥራ የለውም። የእኛን በር ሥር አቆምነውና ክረምቱን ጃንጥላ ያዘ። ከታች አሮጌ ፎጣ አድርጌበታለሁ፤ ፎጣው ውሃውን ይመጥጣል፣ የጃንጥላው ጫፍ ሲወድቅም ሸክላውን አይሰነጥቀውም። ማታ ማታ ፎጣውን መጭመቅ የልጆች ሥራ ነው። ክረምቱ ሲወጣ የልጄን የተጠቀለሉ ሥዕሎች ይይዛል፤ ከግድግዳ የወረደ ሥዕል የት ይቀመጥ የሚለው ክርክርም በዚሁ አለቀ።

የልጆች ክፍል፦ ሳንቲምና ጥያቄ

ብርጭቆው የሚያሳይ ከሆነ ለቁጠባ ይስጡት። የሸክላ ወይም የቆርቆሮ ሙዳየ ምጽዋት የሚመስሉት ማጠራቀሚያዎች ውስጣቸው ስለማይታይ ልጅ ቶሎ ይሰለቻል። የስምንት ዓመቷ ልጄ ግን የአንድ ብር ሳንቲሞቿ ከፍ ሲሉ በየቀኑ ታያለች። በብርጭቆው ላይ ወረቀት ለጥፋ መስመር አስምራለች፦ “እዚህ ሲደርስ የኳስ ጫማ”። ትልልቅ ሰዎችም የሚታይ ግብ ስንይዝ እንጸናለን።

አንገተ ጠባቡን ደግሞ የጥያቄ ማስቀመጫ አደረግነው። በሳምንቱ ውስጥ ማንም ሰው የመጣለትን ጥያቄ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፍና ይከታል፤ እሑድ ከምሳ በኋላ አንድ አንድ እያወጣን እንመልሳለን። “አባዬ ትምህርት ቤት ተገርፎ ያውቃል?” የሚል ወጥቶ ባለቤቴ ግማሽ ሰዓት አወራ። ከዚያ በፊት እኔም ያልሰማሁት ታሪክ ነበር። ስልኮቹ በዚያች ሰዓት ቡፌው ላይ ይቀመጣሉ። ለእኔ ከስድስቱ ሁሉ ብዙ ያተረፍንበት ይህ ነው።

በረንዳና መስኮት፦ ናና፣ በሶብላ፣ ደረቅ ቅጠል

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጓሮ የለም፣ መስኮት ግን አለ። ከገበያ ከገዙት ናና ወይም በሶብላ ጤነኛ ዘንግ መርጠው ቅጠል ከሚወጣበት አንጓ ዝቅ ብለው ይቁረጡ። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ያራግፉ፣ ከአንገተ ጠባብ ማስቀመጫ ውስጥ ያቁሙት፣ ብርሃን ባለበት ነገር ግን ጠራራ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ያኑሩት። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ነጫጭ ሥር ይታያል። ከዚያ ወደ አፈር ማዛወር ይቻላል። ልጆች በብርጭቆው ውስጥ ሥር ሲረዝም ማየት ይወዳሉ፤ የሳይንስ ትምህርት ነው።

ውሃውን በየሁለት ሦስት ቀኑ መቀየር ግን ግዴታ ነው። የቆመ ውሃ ይሸታል፤ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች ደግሞ የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ እንደ አበባ ማስቀመጫ ባለ ዕቃ ውስጥ በተጠራቀመ ጥቂት ውሃ ትራባለች። እንቁላሏ ከዕቃው ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ውስጡ መፈተግ አለበት።

ውሃ መቀየር የማይሆንልዎ ከሆነ ደረቅ ነገር ይምረጡ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የስንዴ ዛላ፣ የማሽላ ራስ። እንደ ነዶ አስረው ጨለም ባለና ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ቁልቁል ይስቀሏቸው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃቸዋል። የእኛን የስንዴ ዛላ አማቴ ከገጠር ያመጡልን ነው፤ ቡፌው ላይ ከፕላስቲክ ጽጌረዳ ይልቅ ቤቱን ቤት አስመስሎታል። ማስቀመጫው ከቀለለብዎ ከታች አሸዋ ወይም የታጠበ ጠጠር ይጨምሩበት።

ያልሆነልኝ

ከሠርግ ስጦታዎቹ አንዱ ረጅም ቀጭን ብርጭቆ ነበር። ሻማ ውስጡ ባበራ ያምራል ብዬ አበራሁ። እውነትም አማረ። ራት በልተን ሳንጨርስ ጠሽ አለና ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ለጌጥ የተሠራ ብርጭቆ ሙቀት እንዲችል ተደርጎ አልተሠራም፤ አፉ ሲጠብ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። አጠገቡ መጋረጃ ነበር፤ ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል። ሁለተኛውን ብርጭቆ በባትሪ የሚሠራ ጥቃቅን የጌጥ መብራት ከተትኩበት። መብራት ሲጠፋ ሳሎኑን ትንሽ ያሳያል፣ እሳትም የለበትም። ለዚህ ሁሉ ሥራ ገንዘብ ያወጣሁበት ነገር ይህ መብራት ብቻ ነው።

ዳዴ የሚል ወይም ገና መሄድ የጀመረ ልጅ ካለዎት ብርጭቆ ሁሉ እጁ ከማይደርስበት በላይ ይሁን። ማስቀመጫውን ጫፉ በሚንጠለጠል ዳንቴል ወይም የጠረጴዛ ልብስ ላይም አያስቀምጡት፤ ልጅ መጀመሪያ የሚጎትተው እሱን ነው።

ከቤት የሚወጣው

ከየት እንደመጣ ያላወቅነው ማስቀመጫ ሥራ አልተገኘለትም። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ይባል የለ? እኛም ባዶውን አልሰጠነውም። ሥር ያወጣ ናና አድርገንበት ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ አዲስ ለገባችው ጎረቤታችን ልጄ ይዛላት ወጣች። ለአንድ ዓመት በደረጃ ላይ አንገት ብቻ ነቅንቀን የምንተላለፍ ሰዎች በሚቀጥለው ሳምንት ቡና ተጠራራን። እርስዎም ሲሰጡ አንድ ነገር ጨምሩበት፤ ትንሽም ቢሆን።

ሰማያዊው

የእናቴን ማስቀመጫ እስከ መጨረሻው ሳልነካው ቆየሁ። ማማሰያ ልክተትበት? አልሆነልኝም። ፕላስቲክ አበባ ልመልስበት? እናቴ ራሷ አልመለሰችበትም። አደይ ደግሞ ወሩ አይደለም፤ ደግሞም አደዩ የአባቴ ሥራ ነበር። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ከጉልት አንድ እስር ጤና አዳም ገዛሁና ግንዱን ቆርጬ ውሃ ውስጥ አቆምኩት። ውሃ ካልተለየው ለቀናት ለምለም ሆኖ ይቆያል፤ ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ቅጠል ይቀነጠሳል። ቦታውንም ከረከቦቱ አጠገብ አደረግኩለት።

እሑድ እናቴ መጣች። ስትቀመጥ አየችው። ምንም አላለችም። እኔ ቡና እየቆላሁ በጎን አያታለሁ። አንደኛው ቡና ተቀድቶ ሲኒዋን ከያዘች በኋላ፣ “ውሃው ደፍርሷል። አባትሽ ቢሆን ይሄኔ ቀይሮት ነበር” አለች። ተነስታ ማስቀመጫውን አቅፋ ወጥ ቤት ገባች። ውሃው ሲፈስ ሰማሁ። ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ተመልሳ ቦታው ላይ አስቀመጠችው፣ አንድ ቅጠል ቀንጥሳ ሲኒዋ ውስጥ ጣለችና ልጄን “ነይ፣ አያትሽ አደይ የሚለቅመው የት እንደነበር ላጫውትሽ” አለቻት።

እርስዎም ቡፌዎን ይክፈቱ። ከሠርግ ሲኒዎቹ ጀርባ አንዱ ሳይጠብቅዎ አይቀርም።