የሾፌሩ የጠዋት ደብተር

የዛሬው ንግግራችን ለከባድ መኪና ሾፌሮች ነው።

ከሰበታ ወደ ጅማ፣ ከቡራዩ ወደ አምቦ፣ ከሱሉልታ ወደ ጎጃም ጭነት የምታመላልሱ ወገኖች! ጠዋት ሞተር ከማስነሣታችሁ በፊት መኪናችሁን ዞር ብላችሁ ታያላችሁ። መልካም ነው። ግን ያያችሁትን ትጽፉታላችሁ ወይ?

አንድ ደብተር ግዙ። በየጠዋቱ ቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጻፉ። ከዚያ ዘይት፣ ውሃ፣ ጎማ፣ መብራት፣ ፍሬን ብላችሁ ጻፉ። ደህና ከሆነ «ደህና» በሉ፤ ካልሆነ ጉድለቱን ጻፉ።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ሰኞ አንድ ሊትር ውሃ ጨመራችሁ እንበል። ማክሰኞም አንድ ሊትር፤ ረቡዕም አንድ ሊትር። የአንድ ቀኑ ምንም አይመስልም። ሦስቱን መስመር አንድ ላይ ስታነቡ ግን ውሃው የሚፈስበት ቦታ እንዳለ ትረዳላችሁ።

የአየር ፍሬንም እንዲሁ ነው። ሜዳ ላይ ጎማውን በታኮ ደግፉ። አየሩ ሲሞላ ሞተሩን አጥፉና ፍሬኑን ረግጣችሁ ያዙ። የአየር መለኪያው ቀስት መጀመሪያ ትንሽ ይወርዳል፤ ከዚያ መቆም አለበት። መውረዱን ከቀጠለ አየር ይወጣል ማለት ነው። ጻፉት፤ ለባለንብረቱና ለመካኒኩ አሳዩ፤ ሳይጠገን አትንቀሳቀሱ። ከሱሉልታ ጭኖ በእንጦጦ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ፍሬን ቢከዳው፣ ከታች የሚጠብቀው ሰው የሞላበት መንገድ ነው።

«ነግሬው ነበር» ማለት ማስረጃ አይሆንም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነው።

በሰላም ግቡ!