የጥቁሩ ዋጋ

በዓደን ከተማ በዳር ሰዓድ፣ በበሳቲን ሰፈር፣ ከጥገና ሱቄ ሁለት ደጅ አልፎ የሚኖሩ፣ አባታቸው የመናዊ እናታቸው ኢትዮጵያዊት የሆኑ፣ አዲስ አበባ መርካቶ ተወልደው አድገው ከአብዮቱ በኋላ ወደ አባታቸው አገር የተሻገሩ አንዲት አረጋዊት እናት፣ የመርካቶው አማርኛቸው ከነለዛው ሳይደበዝዝ፣ አንድ ምሽት መጥተው በርጩማ ላይ ከተቀመጡ በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ሁለት ቴሌቪዥን አይቼ መጣሁ። አንደኛው የሁለተኛውን ሦስት እጥፍ ይጠራል፤ እኔ ግን ብመለከት ብመለከት ሁለቱም ያበራሉ። ለመሆኑ የቀረው ገንዘብ ያለው ምኑ ላይ ነው?» መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ የተነጋገርነው በአንዲት የባትሪ ፋኖስ ብርሃን ነበር፤ ይህም ለመልሴ የተመቸ ሆነልኝ፤ የዚያ ሁሉ ገንዘብ ማረፊያ የቴሌቪዥኑ ጨለማ ነውና።

ቴሌቪዥን ለአዲስ አበባም ለዓደንም የደረሰው በአንድ ዓመት፣ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በአዲስ አበባ የተመረቀው ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት በዓል በሚታሰብበት ዕለት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዘመን መሣሪያው መዝጊያ ባለው የእንጨት ሣጥን ተቀምጦ፣ ጥልፍ ልብስ ለብሶ፣ በሳሎን ውስጥ እንደ ክቡር እንግዳ ይታይ ነበር። ዛሬ ግን በሁሉ ቤት ስለ ተገኘ ክብሩ ቀርቶ፣ እንደ ሽንኩርት በኢንች እየተመዘነ ይገዛል፤ ይህን ያህል ጥበብ በአንድ ስስ ሰሌዳ የተሸከመ ሌላ ዕቃ በቤታችን ሳይኖር፣ ሳይመረመር የሚገባ እርሱ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ስለ ስፋቱና ስለ ነጥቦቹ ብዛት ብዙ መናገር አያሻም። ፎር ኬ የተባለው 3840 በ2160 ነጥቦች፣ በድምሩ ከ8 ሚሊዮን በላይ አለው፤ ነገር ግን በ43 ኢንች ሰሌዳ ላይ እነዚህን ነጥቦች ከቀድሞው ፉል ኤች ዲ ለይቶ ለማየት ጤናማ ዓይን ከ2 ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረብ አለበት። ሦስት ሜትር ርቆ ለሚቀመጥ ሰው ልዩነቱ የለም፤ ውድ የሆነው ባለማዕርጉም ዋጋው ያነሰው መካከለኛውም ዛሬ ይህን ጽሕፈት በካርቶናቸው ላይ ስለ ተሸከሙ፣ በዚህ ምክንያት ገንዘብ የሚጨምር ሰው በከንቱ ይጨምራል።

ወደ ጥቁሩ እንመለስ። በ1888 እ.ኤ.አ. ፍሪድሪክ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፀዋት ተመራማሪ፣ በፕራግ ከተማ ከካሮት ካወጣው ነገር ያዘጋጀውን ንጥረ ነገር ሲያሞቅ፣ በ145 ዲግሪ ተኩል ቀልጦ እንደ ወተት የደፈረሰ ፈሳሽ ሆነ፤ በ178 ዲግሪ ተኩል ደግሞ ሁለተኛ የቀለጠ ያህል ጠርቶ እንደ ውኃ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ያ ደፍራሳ ፈሳሽ፣ እንደ ውኃ እየፈሰሰ እንደ ዕንቊ ሥርዓት ያለው፣ ጠጣርም ፈሳሽም ነው ለማለት የሚያስቸግር ፍጥረት ነበር። የዛሬው ኤል ሲ ዲ ቴሌቪዥን ሁሉ የቆመው በዚህ ዓይነት ፍጥረት ላይ ነው፤ ሻጮች «ኤል ኢ ዲ» እያሉ የሚጠሩትም ያው ኤል ሲ ዲ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከኋላው ከሚበሩት ትንንሽ አምፖሎች ብቻ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ ለመግለጽ፣ በመቅደስ ደጅ የተዘረጋን መጋረጃ አስቡ። መብራቱ ከመጋረጃው በስተ ኋላ ያለማቋረጥ ይነድዳል፤ በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ ያለው ፈሳሽ ዕንቊ ደግሞ በኤሌክትሪክ ኃይል እየተጣመመና እየቀና መጋረጃውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ነጭ ሲፈለግ ይከፈታል፤ ጥቁር ሲፈለግ ይጋረዳል። መጋረጃ ግን ምንም ቢወፍር መጋረጃ ነውና፣ ብርሃኑ በስፌቱ መካከል ያፈተልካል፤ ስለዚህ በመካከለኛው ቴሌቪዥን ላይ ሌሊት የሚባለው ትዕይንት በእውነቱ አመዳም ግራጫ ነው። ይህን በቀን ማንም አያየውም። መብራት በጠፋበት የዳር ሰዓድ ሌሊት፣ ከሰሌዳው በቀር ሌላ ብርሃን በሌለበት ክፍል ውስጥ ግን፣ የሰሌዳው አራት ማዕዘን በተዘጋ ደጅ ሥር እንደሚያፈተልክ ጸዳል ጎልቶ ይወጣል። ይህን ነውር በግልጥ ለማየት ከእኛ ሰፈር የተሻለ ቦታ የለም።

መጋረጃውም በሁለት ዓይነት ይሠራል፤ ገዢ ሁሉ ሳይጠይቅ የሚያልፈው፣ በእኔ ዘንድ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው። ቪ ኤ በሚባለው ዓይነት ዕንቊዎቹ መብራቱን አጥብቀው ስለሚጋርዱ፣ ነጩ ጥቁሩን ሦስት ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ይበልጠዋል፤ አይ ፒ ኤስ በሚባለው ግን ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቪ ኤ ይሻላል ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቪ ኤ ፊት ለፊቱ ላልተቀመጠ ሰው ቀለሙን ይነሣል፤ ወደ ጎን የሄደ ሰው ቀዩን ፈዛዛ፣ ጥቁሩን ጭስ አድርጎ ያያል። አሁን የየመንን መጅሊስ አስቡ፤ ፍራሹ በሦስቱ ግድግዳዎች ሥር ተዘርግቶ፣ ከቀትር በኋላ ለጫት ከተሰበሰቡት ሰዎች ብዙዎቹ በቀኝና በግራ፣ ሰሌዳውን በጎኑ እየተመለከቱ ይቀመጣሉ። በአንዲት ሶፋ ላይ ተደርድሮ ፊት ለፊት ለሚያይ ቤተ ሰብ የተመረጠው ቪ ኤ፣ በመጅሊስ ውስጥ ከአሥር ሰዎች ለሦስቱ ደግ፣ ለሰባቱ ክፉ ይሆናል። የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ በሱቁ ውስጥ ወደ ግድግዳው ጥግ ሄዳችሁ በጎን ተመልከቱት፤ ቀለሙ ከሸሸ ቪ ኤ ነው፣ ከጸና አይ ፒ ኤስ ነው።

ባለማዕርጉ ኦሌድ እነዚህን ሁለቱንም ችግሮች በአንድ ጊዜ ይፈታል፤ ዋጋውን የሚያስከብረውም ይህ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ፣ በኮዳክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ሳሉ፣ ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ራሳቸው የሚያበሩ የካርቦን ውሁዶች ስስ ሽፋን ሠሩ። ከዚያ ዘር በተወለደው ሰሌዳ ላይ መጋረጃም የኋላ መብራትም የለም፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ የሆኑት ነጥቦች እያንዳንዳቸው እንደ ጧፍ ለብቻቸው ይበራሉ፣ ለብቻቸው ይጠፋሉ። ጥቁር ሲታዘዙ ፈጽመው ይጠፋሉና፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሰሌዳው ዳርቻ የት እንደሚያበቃ ዓይን አይለይም፤ ከጎንም ቢታይ ቀለሙ ይጸናል። ይህን ያየሁት መጀመሪያ ለጥገና በመጣ አንድ ዕቃ ላይ ነበር፤ በጥቁሩ ሰማይ መካከል አንዲት ኮከብ ስትበራ፣ ሥራዬን ትቼ ረጅም ጊዜ ቆሜ ቀረሁ።

ታዲያ ለምን ለእነዚያ እናት ኦሌድ ይግዙ አላልኋቸውም? በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የሚያበራው ውሁድ ያረጃል፤ ይልቁንም ሰማያዊው። በሰሌዳው ላይ ያለማቋረጥ የሚቆም ምልክት በቆመበት ስፍራ ያሉትን ነጥቦች ከሌሎቹ ቀድሞ ያስረጃቸዋልና፣ ከጊዜ በኋላ ጥላው ታትሞ ይቀራል። በእኛ ሰፈር ቡና ቤቱም መኖሪያ ቤቱም የዜና ጣቢያ ከፍቶ ከጧት እስከ ማታ ይተወዋል፤ የጣቢያው ምልክት ከማዕዘኑ፣ የዜናው ቀይ መስመር ከግርጌው አይነቃነቅም፤ የዓደን ሙቀት ደግሞ ይህን እርጅና ያፋጥነዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ባትሪው ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጦርነት ወዲህ ብዙው ቤት በሶላር የሚኖር እንደ መሆኑ መጠን፣ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ አንድ ባትሪ በድምሩ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከእኩሌታው በላይ መጠጣት ስለሌለበት፣ ለአንድ ሌሊት የሚተርፈው 600 ነው። ኢንቨርተሩ የሚያባክነውን ሳንቆጥር፣ 75 ዋት የሚበላ መካከለኛ ቴሌቪዥን ስምንት ሰዓት፣ 150 ዋት የሚበላ ሰፊ ባለማዕርግ አራት ሰዓት ይሠራል ማለት ነው። እውነት ነው፣ ኦሌድ በጨለማ ትዕይንት ጥቂት ይበላል፤ ነገር ግን ሰፈራችን ከዜናው ሌላ የሚያየው ኳስ ነው፣ የኳስ ሜዳ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ብርሃን ነው። ዋት የተጻፈበት ምልክት ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተለጥፎ ሳለ፣ ገዢው ፊቱን ብቻ አይቶ መሄዱን እኔ እንደ ልማድ ቆጥሬ ላልፈው አልቻልሁም።

ስለ አያያዝም ጥቂት ልቆጣ፤ የምቆጣውም ዕቃውን ስለምወድ ነው። ከፋብሪካ የመጣውን ስስ ፕላስቲክ ለጌጥ ብላችሁ ዓመት ሙሉ አትተዉት፤ ሙቀቱን አፍኖ ከዳር እየተላጠ አቧራ ያስገባል። የመስተዋት ማጽጃና ሽቶ በሰሌዳው ላይ አትርጩ፤ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ባኹር የሚባለው ዕጣን የሚጨስበትን ማጨሻ ከሥሩ አታኑሩ፤ በሚተነፍስበት ቀዳዳ ጥላሸት ሲገባ ስንት ጊዜ እንዳየሁ ለመቁጠር ያዳግተኛል። ከሁሉ ይልቅ ግን፣ በሱቅ ደጅ ዓይን ለመሳብ የተዘጋጀውን የሚያንጸባርቅ የስዕል ምርጫ በቤታችሁ እንዳለ አትተዉት፤ በሪሞቱ ወደ «ሲኒማ» ወይም «ፊልም» ወደሚለው መልሱት፤ የሰው ፊት የሰው ፊት ይሆናል፣ ዋቱም ይቀንሳል። አንድ ደንበኛዬ አዲሱ ቴሌቪዥን ዓይኑን ስላመመው ሊመልሰው ካርቶኑን ተሸክሞ ሲያልፍ አስቁሜ ይህን ብቻ ለወጥሁለት፤ ቴሌቪዥኑ እስከ ዛሬ በቤቱ አለ።

በእኔ ፍርድ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ዜና ሳይሆን ፊልም የሚታይበት ክፍልና ሁለት ባትሪ ላለው ሰው ኦሌድ የከፈለውን ሁሉ ይመልስለታል፤ ለተቀረው የዳር ሰዓድ ቤት ግን መካከለኛው ይሻላል፤ እርሱም መጅሊስ ላለው አይ ፒ ኤስ፣ በጠባብ ክፍል ፊት ለፊት ለሚያይ ቪ ኤ ነው። የተረፈው ገንዘብ ለባትሪና ለስታብላይዘር ይዋል።

እኒያ እናት በማግሥቱ ሲመሽ ጥቁር ስዕል ብቻ ጭኜ ያዋስኋቸውን ፍላሼን ይዘው ወደ ቴሌቪዥን ሱቁ ተመለሱ፤ መብራቱን አስጠፍተው ሁለቱን ሰሌዳዎች ፊት ለፊትም በጎንም ተመለከቱ። ወደ እኔ ሲመጡ «አሁን ታየኝ» አሉ፤ ቤታቸው ሁልጊዜ እንግዳ ስለማይጠፋው 43 ኢንቹን አይ ፒ ኤስ ወሰዱ፤ በተረፈው ገንዘብም ሁለተኛ ባትሪ ገዙ።